እትዬ እስቲና የጥይት እናት

እውነተኛ ስሟን ከቤተሰቦቿ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በመንጃ ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «እትዬ እስቲ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ከተማሪዎቿ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ የጠየቅሁት ሁሉ «እኔ ነኝ» ይላል። አፏን በከፈተች ቁጥር ቀድሞ የሚወጣው ቃል «እስቲ» ነው። «እስቲ ስፖኪዮውን አስተካክል።» «እስቲ አሁን ምን ተሰማሽ?» «እስቲ ድገመው፣ ግራ እግርህን ልየው።» ባሏ በያጅ ነው፤ ሲያሾፍባት «እኔማ ቤት ውስጥም አልተረፍኩም፤ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ካልኳት፣ እስቲ ከየትኛው ማንኪያ ጀምሮ ነው የበዛብህ ትለኛለች» ይላል።

ታሪኳን ግማሹን ከራሷ፣ ግማሹን ደግሞ አብሯት ከሚሠራው ከጥይት ነው የሰማሁት። እኔም መሪ መያዝ የተማርኩት ከእሷ ስለሆነ አንዳንዱን በዓይኔ አይቻለሁ።

አስተማሪ ከመሆኗ በፊት በዚያው ማሠልጠኛ መዝጋቢ ነበረች። ክፍሏ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበራት። ተማሪ ለመመዝገብም ለማቋረጥም የሚመጣው በዚያችው መስኮት ነው። ሊመዘገቡ የሚመጡት እየሳቁ ይመጣሉ፤ ሊያቋርጡ የሚመጡት መሬት መሬት ያያሉ። እነዚህኞቹ የሚሉት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ለመኪና አልተፈጠርኩም።»

መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ትሰማቸው ነበር። እያደር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ስታስበው ነገሩ ያብሰለስላት ጀመር። አንዷ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አንዱ ደግሞ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መስታወት የሚገጥም ሰው። ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት ፍሪሲዮን ያሸንፈዋል? ጥያቄው ምሳ ስትበላ ይመጣባታል፤ ልብስ ስታጥብ ይመጣባታል። በመጨረሻ «እስቲ እኔው ልየው» ብላ ራሷን በራሷ መስኮት መዘገበች።

ያኔ የነበረው አስተማሪ «ነጎድጓድ» ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከመኪና ሲወርድ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው አዛኝ ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ፍሬን ነው ያልኩሽ፣ ፍሬን!» ብሎ ሲጮህ፣ የእሷ እግር ሳታዘው ነዳጁ ላይ ወጥቶ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲጮህ መኪናዋ የግቢውን አጥር ሽቦ ገፍታ ቆመች። ነጎድጓድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አልቅሶ ይወርድ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የገዛ እግሯን ታይ ጀመር።

«ይገርማል» አለችው። «አንተ ስትጮህ የሚሰማህ ጆሮዬ ሳይሆን እግሬ ነው።»

ነጎድጓድ ይህን ቃል ለዓመታት ሲያወራው ኖረ።

ፈተናውን ወደቀች። ደግማም ወደቀች። ዝም ብላ ግን አልወደቀችም፤ በወደቀች ቁጥር በምን እንደወደቀች ለይታ ይዛ ትመለሳለች። አንዴ በመጠምዘዣው ነው፣ አንዴ ደግሞ ፈታኙ ሲስል ደንግጣ ነው። ካለፈች በኋላም አልተወችውም። ነጎድጓድን አስፈቅዳ፣ ከሥራ ስትወጣ ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠች ሌሎች ሲማሩ ማየት ያዘች። ሁሉም «አልችልም» ይላል፤ ነገር ግን ያልቻለው ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ መሪውን እንደ ጠላት አንገት አንቆ ይይዘዋል። ሌላዋ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች።

አዋላጇን ፈልጋ አግባብታ መለሰቻትና ከኋላ ሆና ስታያት፣ ዓይኗ ከመኪናው ኮፈን ላይ አይነሳም። ሥራዋ ሁሉ ቅርቡን፣ እጇ ላይ ያለውን ማየት ነው፤ መንገድ ደግሞ ሩቁን ካላዩት አይሄድም። ያንን ከነገሯት በኋላ ለመማር ብዙም አልፈጀባት። ነጎድጓድ ጡረታ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁን «በእኔ ቦታ እሷን አድርጋት፤ እኔ መንዳት አስተማርኩ፣ እሷ ግን ሰው ታነባለች» አለው።

እኔ የደረስኩባት ከዚያ በኋላ ነው። ፊቷ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ሸራ፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናት። የምታስተምርባት መኪና ነጭ፣ አሮጌ፣ በሯን ሁለቴ ካልሳቧት የማትዘጋ ናት። በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት፤ እትዬ እስቲ ግን እግሯን እሱ ላይ ስታደርግ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። በጭንቀት «እትዬ፣ አልችልም» ስላት አላጽናናችኝም፤ «ትችላለህ» ብላም አልፎከረችልኝም። መነጽሯን አደረገችና «የቱን?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የማትችለውን። የቱን ነው የማትችለው? መነሳት ቻልክ፤ መጠምዘዝ ቻልክ፤ አሁን ቆመህ እያወራኸኝ ነው፤ መቆምም ችለሃል ማለት ነው።»

አስቤ አስቤ «ወደ ኋላ ስሄድ ግራና ቀኝ ይምታታብኛል» አልኳት።

«እሱን በል እንጂ» አለች፤ ፊቷ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው በራ። «እሱማ ጥሩ ችግር ነው።»

ጥይት የመጣው እኔ ልጨርስ ስል ነው። ስሙ እንደሚለው ፈጣን፣ ቀጠን ያለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የጭነት መኪና ውስጥ ያደገ ወጣት ነው። እናቱ የአትክልት ጅምላ ነጋዴ ናቸው። እሱ በአስራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ሹፌሮቹ መሪ እያስያዙት፣ ማን እንዳስተማረው እንኳ ሳያውቅ ነው የቻለው። ሥራ አስኪያጁ ሲነዳ አይቶ እዚያው ቀጠረው። ወር ሳይሞላ ግን የጥይት ተማሪዎች ወደዚያች የታወቀች መስኮት መምጣት ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ እትዬ እስቲን ጠራት። «ይኸውልሽ፣ እንደ እሱ የሚነዳ ሰው አላየሁም። እንደ እሱ የሚያባርርም አላየሁም። አንቺ ጋ ይሁንና አንድ ነገር አድርጊው፤ ካልሆነ ላሰናብተው ነው።»

እሷ አልከበዳትም፤ እንዲያውም ጓጓች። እስከዚያ ቀን ድረስ የምታውቀው ያልቻለን ሰው ማስቻል ነው። እጅግ የሚችል ሰው ግን እንዴት የሚችለውን መናገር ያቅተዋል?

ጥይትን ይዛው ከግቢው ጀርባ ወዳለው ዳገት ወጣች። «እስቲ ዳገት ላይ አስነሳ» አለችው። አስነሳ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ጣት ታህል ሳትንሸራተት ወጣች።

«ግሩም ነው። መጀመሪያ ያንቀሳቀስከው የቱን እግርህን ነው?»

ጥይት ወደ እግሩ አየ። «እኔ እንጃ። ዝም ብሎ ይነሳል።»

«እስቲ ድገመው።»

አሁን እግሩን እያሰበ ሞከረ፤ ሞተሩ ጠፋበት። ጆሮው ቀላ። «ይኸው፤ ሲያስቡበት ይበላሻል» አለ።

«ተማሪዎችህ እኮ ቀኑን ሙሉ እያሰቡበት ነው የሚውሉት» አለችው።

ምክሯን ለመቀበል አልሞከረም ማለት አይቻልም። በማግስቱ የእሷን አነጋገር ይዞ መጣ። ነገር ግን «እስቲ» የሚለውን ቃል እንደ ዱላ ያነሳው ነበር። «እስቲ ፍሬን ያዝ! እስቲ ወዴት ነው የምታየው!» ድምፁ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል።  እትዬ እስቲ ሳቋ መጣ፤ ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ በግቢው ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ጥይት ራሱ ጀመረው። «እትዬ፣ ልንገርሽ አይደል? አንቺ ደግ ስለሆንሽ ነው የምትለፊው። ሰው ወይ አለው፣ ወይ የለውም። እኔ በገዛ እናቴ አይቼዋለሁ።»

«እናትህ ምን ሆኑ?»

መጀመሪያ ሊነግራት አልፈለገም። ኋላ ላይ አወጣው። እናቱ ትንሽ ፒክአፕ ገዝተዋል። የቀጠሩት ሹፌር ጠዋት ጠዋት እየዘገየ፣ ቲማቲሙ ፀሐይ እየበላው ቢያስቸግራቸው «ራሴ እነዳዋለሁ» አሉና ልጃቸውን አስተምረኝ አሉት። ጥይት ለአንድ ሳምንት ያህል ጮኸባቸው። አንድ ጠዋት፣ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ መሃል ሞተሩ ሲጠፋ «እማዬ፣ ለአንቺማ ጋሪ ነው የሚሆንሽ» አላቸው። እናቱ ቀበቶውን ፈቱ፣ ወረዱ፣ በሩን ክፍት ትተው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚለው ቃል እቤታቸው አይነሳም።

«ከዚያ በኋላ ይቅርታ ጠየቅካቸው?»

«ምን ብዬ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።» ከዚያ ግን «በሩን ሳይዘጉ ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው» አለ። ያን ጊዜ ብቻ ነው እናቱን በአንቱታ የጠራቸው።

እትዬ እስቲ በማግስቱ ገበያ ሄደች። የጥይት እናት ስድሳን ያለፉ፣ ወገባቸውን በሻሽ አጥብቀው ያሰሩ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ሳጥን ብቻቸውን የሚያዞሩ ሴት ናቸው። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ሥራቸውን አላቋረጡም።

«ልጄ ልኮሽ ነው?»

«አይ፣ እትዬ። መምጣቴን አያውቅም። እኔ እርስዎን ፈልጌ ነው።»

«እኔ መኪና አይሆንልኝም እህቴ። ልጄ ነግሮኛል፤ እሱ ደግሞ ያውቃል።»

«እሱ መንዳት ነው የሚያውቀው» አለች እትዬ እስቲ። «እርስዎን ማወቁን ግን እጠራጠራለሁ።»

ይህች አነጋገር ሳትጥማቸው አልቀረችም። እጃቸውን ጠረጉ። ብዙ ካወሩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ይመጣሉ፣ ግን ልጃቸው መኪናው ውስጥ ትንፍሽ አይልም። እትዬ እስቲም የራሷን አከለች፤ ልጁ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ለምን?» አሏት። «እኔም የተማርኩት እዚያ ተቀምጬ ስለሆነ ነው» አለቻቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ከዚያ ግን ነገሩ እንደ ድፍን ግድግዳ ቆመ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ይጠፋል። እትዬ እስቲ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ «እስቲ ምን ሆነ?» ትላቸዋለች።

«ጠፋ።»

«አዎ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ምን ተሰማዎት?»

«መጥፋቱ ነዋ።»

«የቱ እግርዎ ቀደመ?»

የጥይት እናት መሪውን ለቀቁት። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ አስተማሪ ነሽ ወይስ መርማሪ? እኔ የማውቀውን ሁሉ ብትጠይቂኝ እመልስ ነበር፤ ይህንን አላውቀውም። ለማወቅ አይደል የመጣሁት?»

ጥይት ከኋላ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል።

በሚቀጥሉት ቀናት እናቱ የባሰ ዝም አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ እንኳ ምንም አይሉም፤ ቁልፉን አዙረው እንደገና ያስነሳሉ፣ እንደገና ይጠፋል። አንድ ቀን ሲጨርሱ መኪናዋን በሥርዓቱ አቆሙና «ደክመሽልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይበቃኛል» ብለው ወረዱ።

እትዬ እስቲ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። በያጁ ጫማውን እያወለቀ ሰማትና «ታዲያ አንቺስ፣ የቱን ነው ያልቻልሽው?» አላት።

ሊያሾፍ ነበር። እሷ ግን ጥያቄውን ይዛ ቁጭ አለች። ለስንት ሰው የወረወረችው ጥያቄ ነው፤ ወደ እሷ ሲመለስ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ሲጠየቅ ወደ ውስጡ አይቶ የሚመልስ ይመስላት ነበር፤ ራሷ እንደዚያ ስለሆነች። ለእኚህ ሴት ጥያቄዋ ከነጎድጓድ ጩኸት በምን ይለያል? እሳቸውስ የሚሰሙት በጆሯቸው ነው ወይስ በእግራቸው? መልሱን አላገኘችውም። ያገኘችው ነገር ቢኖር ማንን መጠየቅ እንዳለባት ነው።

ጠዋት ጥይትን ግቢው በር ላይ ጠበቀችው። «ከኋላ ሆነህ ምን አየህ?»

«እንዳልናገር ተብያለሁ እኮ።»

«አሁን መኪና ውስጥ አይደለንም።»

 «እማዬ ዝም አለች» አለ ጥይት። «አንቺን ላያስገርምሽ ይችላል። እኔ ግን እናቴን ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። ሥራ ስትሠራ አፏ አያርፍም። ሳጥን ስታነሳ ሳጥኑን ትሰድበዋለች። ጎመኑን ስትለይ፣ አንተ ወዲህ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የጠወለግከው እያለች ነው። ሒሳብ እንኳ የምታሰላው ጮክ ብላ ነው። ኋላ ቁጭ ብዬ ማጅራቷን ሳይ፣ ይህች ሴት ሌላ ሰው ናት አልኩ።»

«እኔ ጋ ሲሆኑ ታዲያ ለምንድነው ዝም የሚሉት?»

«ስትጠይቂያት መልስ የምትፈልጊ ይመስላታል። እኔ ስጮህ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

እትዬ እስቲ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። በሠላሳ ጥያቄ ያላገኘችውን ይህ ልጅ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘው። ቅናት ትንሽ ቆንጠጥ አድርጓት ነበር፤ ይህንንም ራሷ ናት የነገረችኝ። ከቅናቱ ይልቅ ግን ማወቅ መፈለጓ በለጠ። «እና ምን እናድርግ?» አለችው፤ ልትፈትነው አልነበረም፣ የምሯን ነው።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

«እኔም እንጃ። አስብበትና ንገረኝ። ፊት ወንበር ላይ አንተ ትቀመጣለህ፤ እኔ ኋላ እሆናለሁ።»

እናቱን ለማሳመን ጥይት ራሱ ነው ገበያ የሄደው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሁለቱም አይናገሩትም። ብቻ እናቱ በማግስቱ መጡ፤ ፊታቸው ኮስተር እንዳለ፣ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው። ልጃቸውን ፊት ወንበር ላይ ሲያዩት በሩን ይዘው ቆሙ።

«ማሙሽ፣ ከጮህክ ወርጄ ነው የምሄደው።»

ግቢ ውስጥ «ጥይት» ተብሎ የሚፈራው ሰው «ማሙሽ» ሲባል ጥበቃው ወደ ጎን ዞሮ ሳቀ። ጥይት ግን አልተቆጣም። «ዛሬ የምታወሪው አንቺ ነሽ እማዬ። እኔ የምሰማ ነኝ።»

«ምን ላውራ?»

«ለእኔ አይደለም። ለመኪናው። አዲስ የቀጠርሽው ሠራተኛ ነው ብለሽ አስቢው፤ ጉልበት አለው፣ ሥራ ግን አያውቅም። ካልነገርሽው አንድ ነገር አይሠራም።»

እናቱ ልጃቸውን አዩት፤ ያበደ መሰላቸው። ወደ ኋላ ዞረው እትዬ እስቲን አዩ። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እሷም እንደ እሳቸው ምን እንደሚመጣ ለማየት ጓጉታ ነበር።

ዳገቱ ሥር ደረሱ። የጥይት እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መጀመሪያ ድምፃቸው ያፈረ ነበር።

«እሺ፤ ስማ አንተ። አሁን ልንወጣ ነው። ፍሪሲዮን ይረገጥ። ማርሽ ግባ፤ ገባህ? ጎሽ። የእጅ ፍሬን፣ አንተ ውረድ። አሁን ነዳጅ እሰጥሃለሁ፤ ተነስ…» ሞተሩ ጠፋ።

ጥይት እጁን ጉልበቱ ላይ ጨምቆ ያዘ። ትንፋሹ ሲወጣ ከኋላ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ «እማዬ፣ ገበያ ላይ ሳጥን ከታች ሆኖ የሚደግፈውን ልጅ መቼ ነው ልቀቅ የምትዪው?» አላቸው።

«ከላይ ያለው በደንብ ሲይዘው ነዋ። ካልሆነማ ይወርድበታል።»

«የእጅ ፍሬኑን ግን አሁን መቼ አሰናበትሽው?»

 ጮክ ብለው ሲናገሩት ስህተቱ ራሱ ተናግሯል። ልጃቸውም የሰማው ለዚህ ነው፤ እሳቸውም። «ገና ሳይይዝ ለቀቅሁት» አሉ። «ደጋፊውን ቀድሜ አባረርኩት።»

እንደገና ጀመሩ። ድምፃቸው አሁን የገበያ ድምፅ ሆኗል። «ስማ፣ አንተ ወፍራሙ። ፍሪሲዮን፣ ቀስ ብለህ ተነስ። ኧረ ቀስ፣ የሚያሯሩጥህ የለም። ነዳጅ እንካ፣ ትንሽ ቅመስ። ተንቀጠቀጥክ? ያዝክ ማለት ነው? ያዝክ። የእጅ ፍሬን፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን መሄድ ትችላለህ።» መኪናዋ አንዴ ተንቀጥቅጣ ዳገቱን ያዘች። እናቱ ከላይ እስኪደርሱ አፋቸው አላረፈም፤ መኪናዋን እያመሰገኑ፣ እየዛቱ፣ «እንዲህ ከሆንክማ አንጣላም» እያሉ ወጡ።

ላይ ሲደርሱ ቆሙ።  እናቱ መሪውን እንደያዙ «ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ በእግሬ አልሄድም ነበር» አሉ።

«ያኔ አላውቅም ነበር፣ እማዬ» አለ ጥይት። «እኔ የማላውቀውን ነው በአንቺ ላይ የጮህኩት። ይቅርታ።»

እናቱ ጭንቅላቱን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት፤ ይህ በእነሱ ቤት ይቅርታ መቀበል ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን የፈተናው ቀን ሌላ ጣጣ መጣ። ፈታኙ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነው፤ «ማውራት አይፈቀድም» አላቸው። የጥይት እናት ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ እጃቸውም እግራቸውም ዝም አለ፤ በፈተናው መስመር ላይ የቆመውን ኮን ገጭተው ወደቁ። ጥይት ፈታኙን ሊጣላ ተነሳ። እናቱ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«ተወው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ዝም ስል ምን እንደምሆን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

እትዬ እስቲ ከዚያ በፊት ከማንም ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሦስቱም ዳገቱ ሥር ተመልሰው ተለማመዱ። መጀመሪያ ጮክ ተብሎ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በከንፈር ብቻ። አንዳንዱ ቀን ያምራል፤ አንዳንዱ ቀን ሁሉም ነገር ከዜሮ የተጀመረ ይመስላል። እንዲህ ባለው ቀን ጥይት ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን አንዴ ዞሮ ይመለሳል፤ ጩኸቱ ሲመጣበት እንደዚያ ማድረግን ራሱ የፈጠረው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ፈታኙ ገና ከመነሳታቸው «እናቴ፣ ከንፈርዎ እየተንቀሳቀሰ ነው» አላቸው።

«ማስቲካ ነው ልጄ» አሉት የጥይት እናት፤ ፈተናውንም አለፉ።

ሹፌሩን አላባረሩትም፤ ሳጥን ቆጣሪ አደረጉት። እንዲያውም እሱ ከመሪው ሲገላገል ደስ ያለው ይመስላል።

ጥይትም ከሥራው አልተሰናበተም። የሁሉም ሰው ተወዳጅ ሆነ ብል ግን እዋሻለሁ። ዛሬም አንዳንድ ተማሪ ይሸሸዋል፤ ዛሬም መኪናውን ሲዞር የሚውልበት ቀን አለ። ነገር ግን ትዕግሥት ካጡ ሰዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ሥራህ ምንድነው? እሱን እንዴት ነው የተማርከው?» ብሎ ይጀምራል። የመኪና ነገር ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አንድ ዳንስ አስተማሪ እንደ ዳንስ እርምጃ «አንድ፣ ሁለት» እያለ እየቆጠረ ነው የነዳው፤ አንዲት ዓይነ አፋር ልጅ ደግሞ ማንም ሳያናግራት፣ መንገዱን አስቀድማ በወረቀት ስላ ነው የተማረችው።

እትዬ እስቲ በበኩሏ ጥያቄዋን አልተወችም፤ አሳነሰችው። አንዳንድ ሰው ጋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ ለእሷ ይህ ቀላል አይደለም። ሥራ አስኪያጁን ጠይቃ አንድ ልማድም አስጀመረች፤ አስተማሪዎቹ ሁሉ ተራ በተራ አንዱ በሌላው መኪና ኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም አጉረመረሙ። አሁን ግን ከመኪና ሲወርዱ ሲከራከሩ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያስረዱ ይውላሉ።

ባለፈው ሰሞን ሰላም ልላት ግቢው ሄጄ ነበር። ከዳገቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ረጅም ተሳቢ መኪና ጎኑን ሰጥቶ፣ እንደ ተሰበረ ክንድ ተጣምሞ ቆሟል። ጥይት ከታች ሆኖ አገጩን ይዞ ያስባል። ከላይ የሹፌሩ ወንበር ላይ ያለችው እትዬ እስቲ ናት፤ ትራስ ደርባ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳት እየተማርኩ ነው» አለችኝ። «ወደ ቀኝ ስዞር ወደ ግራ ይሄዳል። ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።»

ጥይት ወደ እኔ ዞሮ «እኔም እንዴት እንደምነግራት አልገባኝም» አለ። ሁለቱም ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ነበር። ትንሽ ቆሜ አየኋቸው፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ተሳቢው ቀስ ብሎ መሄድ ወደሌለበት ሄደ፤ ጥይት እንድታቆም እጁን አነሳና እየሮጠ በእሷ በኩል ወዳለው የመኪናው በር ወጣ።